እርሾ ስንል የቱን እርሾ? ከጀጎል ደጃፍ የተገኘ የቤተ ሙከራ ትምህርት

በዚህ ቡለቲን የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የተጠናቀቀ ጥናት ውጤት ያቀርባሉ። ይህ ጽሑፍ ግን ወደ ውጤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለተፈጸሙ ሦስት ስሕተቶች ነው፤ ሦስቱንም የፈጸምኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው በጥናቴ የስምምነት ቅጽ ላይ በሰፈረ አንድ የአማርኛ ቃል፣ ሁለተኛው በአንዲት የፒሲአር ቱቦ ውስጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ በማስታወሻ ደብተሬና በአንድ ሐኪም ጠረጴዛ መካከል በነበረው አጭር ርቀት ላይ የተፈጸመ ነው። ከሁሉም የከበደው ሦስተኛው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የሚዘጋጁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የእኔን ስሕተት እንዳይደግሙ በማሰብ ጽፌዋለሁ።

የማስተርስ ዲግሪ ጥናቴ በሴቶች የመራቢያ አካል ላይ ኢንፌክሽን የሚያስከትሉ የካንዲዳ ዝርያዎችን በዲኤንኤ ላይ በተመሠረቱ ዘዴዎች መለየት ነው። ናሙናዎቹን የሰበሰብኩት ሐረር ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ሲሆን፣ የተከራየሁት ክፍል በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከአስማዲን በር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ይህን በር የከተማው ሰው ሸዋ በር እያለም ይጠራዋል። አንድ በር ሁለት ስም ይዞ መኖሩ ማንንም አያደናግርም፤ በየትኛውም ስም ቢጠየቅ ወደዚያው ያደርሳልና። በዚያን ጊዜ አስብ የነበረው፣ ችግር የሚፈጠረው አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሲይዝ ብቻ ነው ብዬ ነበር።

ከተሳታፊዎቼ አንዷ በሸዋ በር ገበያ እንጀራ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ስማቸውን መግለጽ የምርምር ሥነ ምግባር ስለማይፈቅድ አልጠቅስም፤ በደብተሬ የተመዘገቡት 37 በሚል ቁጥር ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን በመሆኑ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው «እርስዎ» ማለት የለመድኩት ነው። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ጥያቄዬ ሳቁና «ልጄ፣ እዚህ አገር አንቺ በይኝ፤ እርስዎ ስትዪኝ ሌላ ሰው የመጣ ይመስለኛል» አሉኝ። የሐረር ሰው ታላቁንም «አንተ»፣ «አንቺ» እንደሚል ሰምቼ ነበር፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም። ችግራቸውን በአጭሩ ነገሩኝ። ማሳከኩና ፈሳሹ በአንድ ዓመት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ተመልሶባቸዋል፤ በየጊዜው የተሰጣቸው መድኃኒትም ያው ፍሉኮናዞል ነበር። አንዳንዴ ቀለል ይላቸዋል፤ ከዚያ ይመለሳል። የስምምነት ቅጹን አነበብኩላቸው። «የዚህ ጥናት ዓላማ በሽታ አምጪ የእርሾ ዝርያዎችን መለየት ነው» ይላል። በጥሞና አዳምጠው ፈረሙ፤ ናሙናውም ተወሰደ።

ከሳምንት በኋላ ለቀጠሮ ሲመጡ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። «እርሾዬን ደፋሁት» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ለካስ ቅጹ ላይ የሰሙትን «በሽታ አምጪ እርሾ» የሚለውን ሐረግ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ለዓመታት ከአንዱ ሊጥ ወደ ሌላው ሲያሸጋግሩት የኖሩትን እርሾ ደፍተው፣ የሊጡንም ዕቃ በፈላ ውኃ አጥበዋል። ከዚያ በኋላ የጋገሩት እንጀራ ዓይን አላወጣም፤ ደንበኞቻቸው ወደ ሌላ ሻጭ ዞሩ። ከጎረቤት እርሾ ወስደው ሊጣቸው እስኪስተካከል ድረስ የበርካታ ቀናት ገቢ አጡ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በቁጣ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበራቸው። «የጎረቤቴም እርሾ ነው፤ የእኔም እርሾ ነበር። የሚያሳምመው የቱ ነው?» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ልመልስላቸው የቻልኩት «ስሙን ሳገኝ እነግርዎታለሁ» ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነው። በሳይንስ አጠራር እርሾ የምንለው በአንድ ሕዋስ የሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜም በማቆጥቆጥ የሚራባ የፈንገስ ዓይነት ነው። በማዕድ ቤት ግን እርሾ የአንድ ተሕዋስ ስም አይደለም፤ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችና ልዩ ልዩ እርሾ ፈንገሶች አብረው የሚኖሩበት፣ ከሊጥ ወደ ሊጥ የሚተላለፍ ሕያው ድብልቅ ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱን በአንድ ቃል ያገናኛቸዋል፤ እኔም መዝገበ ቃላቱን ተከትዬ ጻፍኩ። ቅጹ በገምጋሚዎች ታይቶ ያለፈ ቢሆንም፣ በቃሉ ለሚተዳደር ሰው አንብቤ ምን እንደተረዳ አልጠየቅሁም ነበር። የስምምነት ቅጽ ዓላማ ተሳታፊው የሚያደርገውን አውቆ እንዲያደርግ ማስቻል ከሆነ፣ የእኔ ቅጽ ለእኚህ እናት የሰጣቸው ዕውቀት ሳይሆን ጉዳት ነበር።

ለመሆኑ ዝርያውን በስሙ መለየት ለምን ያስፈልጋል? ከማይክሮስኮፕ ምርመራ በኋላ በውጤት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው «የእርሾ ሕዋሳት ታይተዋል» የሚል አንድ መስመር ነው። ይህ መስመር ለብዙ ሕሙማን ይበቃል፤ ምክንያቱም በጣም የተለመደው ዝርያ ካንዲዳ አልቢካንስ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በፍሉኮናዞል ይሸነፋል። ካንዲዳ ግላብራታ ግን ለዚሁ መድኃኒት በቀላሉ አይበገርም፤ ካንዲዳ ክሩሴ ደግሞ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ፍሉኮናዞል የሚሠራው ፈንገሱ ለሕዋሱ ሽፋን የሚያስፈልገውን ኤርጎስቴሮል እንዳያመርት አንዱን ኢንዛይሙን በማገድ ነው። የክሩሴ ኢንዛይም ለመድኃኒቱ እምብዛም አይያዝም፤ ወደ ሕዋሱ የገባውንም መድኃኒት መልሶ የሚያስወጣ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ክሩሴ ለያዘው ሰው ፍሉኮናዞልን ደጋግሞ መስጠት ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ቅድሚያ ትኩረት የሚሹ 19 በሽታ አምጪ ፈንገሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘረዝር ካንዲዳን በጅምላ አልመዘገበም። አልቢካንስንና አውሪስን እጅግ አሳሳቢ ከተባለው ምድብ፣ ግላብራታን፣ ትሮፒካሊስንና ፓራፕሲሎሲስን ከተከታዩ፣ ክሩሴን ከመካከለኛው ምድብ አስፍሯል።

የ37 ናሙና በሳቡሮ ዴክስትሮዝ አጋር ላይ በቀለ። ከዚያ በሁለት ቀላል መንገዶች መረመርኩት። አንደኛው የጀርም ቱዩብ ምርመራ ነው፤ እርሾው በሴረም ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ አልቢካንስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ቱቦ መሰል ቡቃያ ያወጣል። የ37 ናሙና ምንም አላወጣም። ሁለተኛው ክሮም አጋር የተባለው ቀለም ለይ ማሳደጊያ ነው፤ በእርሱ ላይ አልቢካንስ አረንጓዴ፣ ትሮፒካሊስ ሰማያዊ፣ ክሩሴ ደግሞ ሻካራና ሐመር ሮዝ ሆኖ ይበቅላል። የ37 ኮሎኒዎች ሻካራና ሮዝ ነበሩ። ሁለቱንም ምልከታዎች ቀን ጽፌ በደብተሬ አሰፈርኩ፤ «የመጀመሪያ ደረጃ ምርመራ» የሚል ርዕስ ሰጥቼም ገጹን ገለበጥኩ። ዋናው ሥራዬ ዲኤንኤው ነበር፤ ለዲኤንኤው የሚያስፈልጉት ኬሚካሎች ደግሞ ገና አልደረሱም።

የዘዴው መሠረት ቀላል ነው። በእርሾው ዘረመል ውስጥ ለሪቦሶም ግንባታ የሚያስፈልጉ ጂኖች በብዙ ቅጂ ተደርድረው ይገኛሉ። ጂኖቹ ራሳቸው ከዝርያ ወደ ዝርያ እምብዛም አይለዋወጡም፤ በመካከላቸው ያለው አይቲኤስ የሚባለው ክፍል ግን በርዝመትም በቅደም ተከተልም ይለያያል። ዋይትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቧቸው አይቲኤስ 1 እና አይቲኤስ 4 የተባሉት ፕራይመሮች ግራና ቀኝ ባለው ብዙም በማይለወጠው ክፍል ላይ ተጣብቀው፣ ተለዋዋጩን መሐል በፒሲአር ያባዛሉ። ይኸው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች የጋራ መለያ ባርኮድ እንዲሆን ቀርቧል። የተባዛው ዲኤንኤ ቀጥሎ ኤምኤስፒ 1 በተባለ ኢንዛይም ይቆረጣል፤ ኢንዛይሙ ሲ ሲ ጂ ጂ የሚለውን ቅደም ተከተል ባገኘበት ሁሉ ይቆርጣል። በዚህም የአልቢካንስ 535 ቤዝ ጥንድ ወደ 297 እና 238፣ የግላብራታ 871 ወደ 557 እና 314፣ የትሮፒካሊስ 524 ወደ 340 እና 184፣ የክሩሴ 510 ወደ 261 እና 249 ይከፈላል፤ የፓራፕሲሎሲስ 520 ደግሞ ሳይቆረጥ ይቀራል። ቁርጥራጮቹ በአጋሮዝ ጄል ላይ በርዝመታቸው ተለይተው ይታያሉ። የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ማንበቢያ መሣሪያ ለሌለው ቤተ ሙከራ ይህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም አለው።

ዘዴው የራሱ ገደብ እንዳለውም መዘንጋት አይገባም። ካንዲዳ ደብሊንየንሲስ እ.ኤ.አ. በ1995 ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ እስኪገለጽ ድረስ በአልቢካንስ ስም ሲጠራ የኖረ ነው፤ እንደ አልቢካንስ ጀርም ቱዩብ ያወጣል፤ በኤምኤስፒ 1 ሲቆረጥም ከአልቢካንስ አይለይም። ሁለቱን ለመለየት ሌላ ኢንዛይም ያስፈልጋል። ስለዚህ ጄል ላይ የሚታየው ባንድ ራሱ ስም አይደለም፤ የተጠየቀውን አንድ ጥያቄ ብቻ የሚመልስ ምስክር ነው።

ኬሚካሎቹ ደርሰው የመጀመሪያውን ዙር ስሠራ የመመረቂያ ቀነ ገደቤ እየቀረበ ነበር። ከፒሲአሩ በኋላ ጄሉን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሳየው ናሙናዎቹ ሁሉ ባንድ አሳይተዋል፤ 37 ቁጥርም ደብዘዝ ያለ ባንድ ነበረው። በመጨረሻው ጉድጓድ ያለው ነጌቲቭ ኮንትሮል፣ ማለትም ከእርሾ ዲኤንኤ ይልቅ ውኃ ብቻ የተጨመረበት ቱቦ፣ ባዶ መሆን ነበረበት። እርሱም ጭላንጭል ያህል አሳየ። «ከጎኑ ካለው ጉድጓድ ፈስሶበት ይሆናል» ብዬ ራሴን አሳመንኩና ወደ ኢንዛይሙ ሥራ አለፍኩ። ከቆረጥኩት በኋላ የ37 ናሙና 297 እና 238 አካባቢ ሁለት ደብዛዛ ባንዶች ሰጠ፤ አልቢካንስ ማለት ነው። ነጌቲቭ ኮንትሮሉም በዚያው ቦታ፣ የባሰ ደብዝዘው፣ ሁለቱኑ ባንዶች ሰጠ።

ያን ምሽት ያደረግኩትን ሳልሸሽግ ልናገር። ነጌቲቭ ኮንትሮሉ በጄሉ ዳር ስለነበረ፣ ምስሉ ከቀኙ በኩል የጣት ስፋት ያህል ቢቆረጥ ማንም አያየውም። በኮምፒውተር ቆርጬ አየሁት፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ንጹሕ ምስል ወጣው። በሌላ ስምም አስቀመጥኩት። ያዳነኝ ጨዋነቴ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ያዳነኝ ደብተሬ ነው። ሠንጠረዡን ለመሙላት ወደ 37 ገጽ ስመለስ «ጀርም ቱዩብ የለም፤ ኮሎኒው ሻካራ፣ ሮዝ» የሚለውን የራሴን ጽሕፈት አገኘሁ። ጀርም ቱዩብ የማያወጣ አልቢካንስ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ በክሮም አጋር ላይ ሻካራ ሮዝ የሚሆን አልቢካንስ ግን ሊያሳምነኝ አልቻለም። በማግስቱ ሁለቱንም ምስሎች፣ የተቆረጠውንና ያልተቆረጠውን፣ ለአማካሪዬ አሳየሁ። ጥቂት ተመልክተው «ውኃው ባንድ ካወጣ፣ ሥራው ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው» አሉ። ስለ ተቆረጠው ምስል ምንም አልተናገሩም፤ እኔው በፊታቸው አጠፋሁት።

የችግሩን ምንጭ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የፒሲአሩን ውኃ የከፈትኩት የአልቢካንስን ማመሳከሪያ ዲኤንኤ ባወጣሁበት በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው ፒፔት ነበር። ፒሲአር አንድን ሞለኪውል በብዙ ሚሊዮን እጥፍ የሚያባዛ በመሆኑ፣ ወደ ውኃው የገባችው ጥቂት ዲኤንኤ ባንድ ለማውጣት በቅታለች። የ37 ናሙና የተሳሳተው ደግሞ የራሱ ዲኤንኤ በሚገባ ስላልወጣ ነው። የእርሾ ሕዋስ ግድግዳ ጠንካራ ነው፤ በማፍላት ብቻ ሁልጊዜ አይሰበርም። የራሱ ዲኤንኤ ሲያንስ የመጣው እንግዳ ቦታውን ያዘ። ውኃውን በአዲስ ቀይሬ በትናንሽ ቱቦዎች ከፋፈልኩ፤ ዲኤንኤ የሚወጣበትንና ፒሲአር የሚዘጋጅበትን ጠረጴዛ ለየሁ፤ ለየጠረጴዛውም የራሱን ፒፔት መደብኩ። ሕዋሳቱን በደቃቅ የመስታወት ቅንጣት እየሰበርኩም ሁሉንም ናሙናዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩ።

በሁለተኛው ዙር የነጌቲቭ ኮንትሮሉ መስመር ባዶ ነበር። የ37 ናሙና ሳይቆረጥ 510 አካባቢ አንድ ደማቅ ባንድ ሰጠ። ከተቆረጠ በኋላ ግን ሁለት ባንድ ስጠብቅ ወደ 250 የሚጠጋ አንድ ወፍራም ባንድ ብቻ አየሁ። ለአፍታ ግራ ተጋባሁ፤ 510 የነበረው ዲኤንኤ 250 ብቻ ከሆነ ሌላው ግማሽ የት ገባ? መልሱ በሒሳቡ ውስጥ ነበር። 261 እና 249 የሚለያዩት በ12 ቤዝ ጥንድ ብቻ ስለሆነ በተራ አጋሮዝ ጄል ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይታያል። ከክሩሴ ማመሳከሪያ ዝርያ ጋር ጎን ለጎን ስሮጠው አንድ ሆኑ። የ37 ናሙና ካንዲዳ ክሩሴ ነው።

ውጤቱን ይዤ ወደ ሐኪማቸው ስሄድ፣ ናሙናው ከተወሰደ አራት ወር አልፎ ነበር። በመካከሉ እኚህ እናት ለአምስተኛ ጊዜ ታመው መጥተዋል፤ ለአምስተኛ ጊዜም ፍሉኮናዞል ተሰጥቷቸዋል። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብበው «ከዚህ በፊት የሚያጠራጥር ነገር አላየሽም ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጀርም ቱዩብ እንዳላወጣና ቀለሙም ሮዝ እንደነበረ ነገርኳቸው። «መቼ ነው ይህን ያየሽው?» አሉ። ናሙናው በተወሰደ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሆነ ስመልስላቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ፍሉኮናዞሉን አልደግመውም ነበር» አሉኝ።

ሦስተኛው ስሕተቴ ይህ ነው። ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ አድርጌ አልነበረም የተሳሳትኩት፤ በከፊል የማውቀውን ዝም በማለቴ ነበር። የጥናት ሐሳቤ ርዕስ «በዲኤንኤ ላይ በተመሠረቱ ዘዴዎች» ስለሚል፣ በብርጭቆ ስላይድና በባለቀለም አጋር ላይ ያየሁትን ነገር ውጤት ብዬ አልቆጠርኩትም። ለእኔ ውጤት ማለት የሚታተም ነገር ነበር። ለሐኪሙ ግን «አልቢካንስ ላይሆን ይችላል፤ ክሩሴ ሳይሆን አይቀርም፤ ገና አልተረጋገጠም» የሚል አንድ መስመር ይበቃው ነበር። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ምርመራ የነገረኝን ነገር አራት ወር የሚፈጅ ምርመራ እስኪያረጋግጥልኝ ስጠብቅ፣ የጠበቅሁበትን ዋጋ የከፈሉት እኔ አልነበርኩም።

ከዚያ በኋላ ለእኚህ እናት የገባሁትን ቃል ለመፈጸም ወደ ገበያው ሄድኩ። ሐኪማቸው ሌላ ዓይነት መድኃኒት አዝዘውላቸው ነበር። ስሙን ነገርኳቸው፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ግን አልረሱትም። «እርሾዬ ውስጥ አለ ወይስ የለም?» አሉኝ። ለመመለስ ከማስበው በላይ ከባድ ጥያቄ ነበር። ካንዲዳ ክሩሴ በሕክምናው ዓለም በዚህ ስም ሲጠራ፣ በምግብ ሳይንስ ደግሞ ፒኪያ ኩድሪያቭዜቪ ተብሎ ይታወቃል፤ አፍሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች እህል በማብላላት በሚዘጋጁ ምግቦች ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ዝርያ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። የእኛም ሊጥ ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ እንጀራ ምንነት በታተመ ጥናት በጤፍ ሊጥ ውስጥ ካንዲዳ ጊሌርሞንዲ የተባለ እርሾ መገኘቱ ተዘግቧል፤ ይህ ዝርያ ሰውነታቸው በተዳከመ ሕሙማን ደም ውስጥ የሚገኝበት ጊዜም አለ። አንድ ነገር ሁለት ስም ቢኖረው ማንንም አያደናግርም ያልኩት በበር ነው እንጂ በእርሾ አልሠራም፤ አንዱን ተሕዋስ በሁለት ስም የሚያጠኑ ሁለት ሙያዎች ለብዙ ዘመን አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሳያነብ ሊኖር ይችላል።

ይህ ማለት ግን በሽታው ከሊጥ መጣ ማለት አይደለም። ካንዲዳ በጤናማ ሰው አካል ላይም የሚኖር ነው፤ በሽታ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የሰውየው የውስጥ ሚዛን ሲዛባ ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ የሰውነት መከላከያ መዳከም ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ። በእርሳቸው እርሾ ውስጥ ክሩሴ ቢገኝ እንኳ፣ አይቲኤስ የሚነግረን ዝርያውን ብቻ ነው፤ በሊጡ ያለውና በአካላቸው ያለው የአንድ ቤተሰብ ዘር መሆኑን ለማወቅ በርካታ ጂኖችን አንብቦ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ እርሾው ያስፈልግ ነበር፤ እርሾው በእኔ ቃል ምክንያት ተደፍቷል። ስለዚህ የመለስኩላቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ «በእርስዎ እርሾ ውስጥ ይኑር አይኑር አላየሁም። ግን እርሾው አሳመመዎት የሚያሰኝ ምንም ነገር የለኝም፤ መድፋትም አልነበረብዎትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ትንሽ አሰቡና «አሁን ያለው የጎረቤቴ ነው፤ እሱን አልደፋም» አሉኝ። ከሳምንታት በኋላ ሳገኛቸው ሕመሙ እንደተሻላቸው ነገሩኝ። የአንድ ሰው ታሪክ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለ መድኃኒቱ ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም።

ከዚህ ተነስቶ ዲኤንኤ አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርስ አንባቢ እንዳይኖር እሰጋለሁ። ካንዲዳ አውሪስን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጃፓን፣ ከአንዲት ሕመምተኛ ጆሮ ተገኝቶ ሲገለጽ አዲስ ዝርያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችንን ኬንያንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ የሚዛመት፣ ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም ሆኖ ተገኝቷል። በስኳር ፍጆታ ላይ የተመሠረቱ የተለመዱ መለያ መሣሪያዎች ካንዲዳ ሄሙሎኒ ወይም ሌላ ስም እየሰጡት በተደጋጋሚ አሳስተዋል፤ እውነተኛ ማንነቱን የገለጸው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ነው። እንዲህ ያለ ተሕዋስ ባለበት ዘመን ሞለኪውላዊ ምርመራ ቅንጦት አይደለም። ቀላሉ ምርመራ ቶሎ ይናገራል፤ ሊሳሳትም ይችላል። ከባዱ ምርመራ አጣርቶ ይናገራል፤ ግን ይዘገያል፤ እንደታየውም እርሱም ሊሳሳት ይችላል። የሁለቱ ውጤት ሲጋጭ አንዱን ዝም ማሰኘት ሳይሆን ግጭቱን መመርመር ያስፈልጋል። የእኔን የፒሲአር ስሕተት ያጋለጠው የጀርም ቱዩብ ምርመራ መሆኑ ለዚህ በቂ ማሳያ ይመስለኛል።

በመጨረሻም ከዚህ ሥራ ይዤ የወጣኋቸውን ልምዶች ላካፍል። የጄል ምስል ከነጌቲቭ ኮንትሮሉ ጋር ሳይቆረጥ ሙሉውን መቅረብ አለበት፤ ገምጋሚ መምህራንም ሙሉውን ምስል መጠየቅ ይገባቸዋል። የቀላል ምርመራዎች ውጤት ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ተገልጾ በወጣበት ሳምንት ለሐኪሙ መድረስ ይኖርበታል፤ ይህም በጥናት ሐሳቡ ውስጥ ገና ከጅምሩ ተጽፎ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊጸድቅ ይገባል። የተለዩት እርሾዎች በግሊሰሮል ውስጥ በቅዝቃዜ ይቀመጡ፤ የእኔ ሁለተኛ ዙር የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የስምምነት ቅጽም ከመጽደቁ በፊት ከቤተ ሙከራ ውጭ ላለ ሰው ተነቦ፣ ሰሚው የተረዳውን በራሱ ቃል ሲናገር ይደመጥ።

የእኔን ቅጽ እንዲስተካከል ለኮሚቴው አቅርቤ ተቀይሯል። «በሽታ አምጪ የእርሾ ዝርያዎች» የሚለው ወጥቶ «ካንዲዳ የተባሉ በሽታ አምጪ ፈንገሶች» የሚል ገብቷል። ከሥሩም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬያለሁ፦ «ይህ ጥናት ለእንጀራ የሚውለውን እርሾ አይመለከትም፤ በቤትዎ ያለውን እርሾ መጣል አያስፈልግዎትም።» ይህን መስመር መጀመሪያ ያነበብኩላቸው ለእኚያው እናት ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ «እንዲህ ብለሽ ጽፈሽው ቢሆን ኖሮ» አሉና የቀረውን ሳይጨርሱ እንጀራ ሊቆጥሩ ወደ ደንበኛቸው ዞሩ።